ለአማቴ ምሳ የወጣ ቀስት

ቀስት የማውቀው ከሥዕል ነው። ተወልጄ ባደግሁበት በቡልጋ፣ ከደብራችን ግድግዳ ላይ፣ አንድ ዓይን ብቻ የተሣለለት ክፉ ወታደር ቀስት ወጥሮ ቆሟል። መቼም ታውቃላችሁ፤ በአገራችን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ ዞሮ በአንዱ። እንግዲህ ባለቤቴ ተገኘ ጎንደር አራዳ በተከራየነው ቤት ጓሮ በጎኑ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የፈረንጅ ቀስት ሲስብ ያየሁት ዕለት በልቤ ያልሁትን እዚህ አልጽፈውም። አማትቤ ወደ ጓዳ ገባሁ ብል ይበቃል።

ተገኘ አስተማሪ ነው። ቀስቱን የሰጠው አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ወዳገሩ ሲመለስ ለአንዱ ወዳጁ አልጋውን፣ ለሌላው ምድጃውን፣ ለእኔ ባል ቀስቱን ትቶለት ሄደ። አልጋው ይሻለን ነበር ብዬ አስቤአለሁ። ተገኘ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ያየሁት በሠርጋችን ዕለት ብቻ ነው፤ በሠርጋችን ዕለትም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቀስቱ እንደ ሥዕሉ አንድ ወጥ አይደለም። መካከሉ ወፍራም የእንጨት እጀታ ነው። ከላይና ከታች፣ ጫፋቸው ወደ ፊት ቀለስ ያለ ሁለት ክንፎች በብሎን ይታሰሩበታል። ክንፎቹም ሁለት ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ጠንካራ ነው፣ ለትልቅ አውሬ፤ ሌላው ለስላሳ ነው፣ ለለማጅና ለደካማ ክንድ። እንዳስፈለገ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ማሰር ነው። ሲጨርሱ ሁሉም ተፈታትቶ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እኔ ተፈታትቶ ሲጫን የማውቀው ድንኳን ነው፤ ድንኳን ደግሞ ሰው አይወጋም።

ተገኘ ለስላሳውን ክንፍ ገና ሲያየው ናቀው። ጠንካራውን አሰረና የገለባ ጆንያ ግድግዳ ላይ አቁሞ መለማመድ ጀመረ። ጆንያው እስከ መጨረሻው ድረስ ጤነኛ ነበር። አንዱ ፍላጻ ከአጥር በላይ አልፎ፣ አከራያችን መነኩሲት ለፀሐይ ያሰጡት በርበሬ መካከል ተተከለ። እማሆይ በሁለት እጃቸው እንደ ጧፍ ይዘውት መጡ።

"ልጄ፣ ይህ የእናንተ ነው?"

"የእኛ ነው እማሆይ፤ ይቅር ይበሉን።"

"እኔስ ከሰማይ የወረደ መስሎኝ ተንበርክኬ ነበር። አሁን ጉልበቴ አልነሣ አለኝ።"

ጉልበታቸውን ቅቤ አሸሁላቸው። ቀስቱም በእኔ ትእዛዝ ተፈታትቶ ከአልጋ ሥር ገባ። እዚያው ይቀር ነበር፣ የተገኘ አባት ባይታመሙ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ከጃናሞራ የመጣ ዘመድ፣ አማቴ አያ ፈንቴ ደረታቸውን ታመው መተኛታቸውን ነገረን። አማቴን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሠርጋችን ሸዋ ስለሆነ አልመጡም፤ "ልጄ ከሩቅ አገር ሴት አገባ" ሲባሉ ምን እንዳሉም ማንም ደፍሮ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ያገሬን ሰው ከተለየሁ ወዲህ መጠየቅ የሌለበትን ነገር ለይቼ አውቃለሁ።

ጓዝ ስናስር ተገኘ የቀስቱን ቦርሳ ይዞ መጣ።

"ሰው ለመጠየቅ ነው የምንሄደው ወይስ ለመውጋት?" አልሁት።

"አባቴ በጉብዝናው የታወቀ አዳኝ ነበር። አይቶት ደስ ይበለው ብዬ ነው።"

እስከ ደባርቅ በማኪና፣ ከደባርቅ በኋላ በበቅሎ ሄድን። እኔ ጥንቃቄ አበዛለሁ ይሉኛል። የጦር መሣሪያና ለበሽተኛው የያዝነው ጸበል አንድ በቅሎ ላይ አይጫንም ብዬ ስላስቸገርሁ፣ ጸበሉ ብቻውን በአንድ በቅሎ ተቀምጦ፣ ተገኘ ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደ። መንገደኛው ሁሉ በቅሎዋን እያየ "ምነው፣ ባለቤቷ ወደቀ?" ይለን ነበር።

መካነ ብርሃን አጠገብ ካለው ቤታቸው ስንደርስ አያ ፈንቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ያያቸው የጤና ጣቢያ ድሬሰርም "ደረታቸው ጠርቷል፤ የቀራቸው እህል ብቻ ነው" ብሎ ሄዷል። እህሉን ግን እምቢ አሉ። በሽታው ሲወጣ እርሳቸውም አብረው ሊወጡ የተስማሙ ይመስል ነበር። ጠመንጃቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተዋል፣ በቅሏቸውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተዋል፣ የሚቀበሩበትንም ቦታ አሳይተዋል። ገንፎ ሲቀርብላቸው "የበላሁት ይበቃኛል" ይሉና ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ያንን ግድግዳ እንደዚያ የጠላሁት ጊዜ የለም።

ከዚህ የባሰው ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን መቅረቱ ነበር። የነፍስ አባታቸው "ለበሽተኛ ተፈቅዷል፣ ይግደፉ" ቢሏቸው "ዕድሜዬን ሙሉ ያልገደፍሁትን ለመሞቻዬ አልገድፍም" አሏቸው። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሥጋና ቅቤ ካልቀመሱ፣ ወዲያ በምን እንደሚበረቱ የሚያውቅ አልነበረም። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ጓዳ እየገቡ ያለቅሳሉ፣ ዓይናቸውን ጠርገው ይወጣሉ፣ "ጭሱ ነው" ይላሉ። እሳት ግን አልነደደም።

አንድ ቀን ጧት፣ አያ ፈንቴ ለግድግዳው "ቆቅ ቢሆን እቀምስ ነበር" አሉ።

ቤቱ እንዴት እንደተነቃነቀ ልነግራችሁ አልችልም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንዱ "ወጥመድ እናኑር" አለ። አያ ፈንቴ ሰሙት።

"በወጥመድ የተያዘች ቆቅ የተሰረቀች ናት። ታድና የመጣች እንደሆነ እበላለሁ።"

"እንኪያስ በጠመንጃ ትመታ አያ።"

"ጥይት ቆቅን ሲያገኛት የሚተርፈው ላባና ጸጸት ነው።"

ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላዬ የቦርሳ መፈታት ድምፅ ሰማሁ። ተገኘ ነበር። ፊቱ እንደ ሠርጉ ዕለት በርቷል፤ አሁን እርግጠኛ ነኝ።

አብሬው ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ክርስቲያን የሆነ አንባቢ ሳልነግረው ያውቃል። እንስሳም ሆነ ወፍ፣ ነፍሱ ሳትወጣ "በስመ አብ" ተብሎ በቢላ ካልታረደ ጥንብ ነው፤ አይበላም። ሴት ደግሞ አታርድም። ስለዚህ የእኔ ሥራ ቢላ ይዞ መሮጥና ቆቋን በሕይወት ይዞ ባሌን መጥራት ነበር። ቢላው እንዳይወጋኝ በመቀነቴ ጠቅልዬ፣ በክር አሥሬ፣ ክሩን ቋጠርሁት።

ተገኘ ጠንካራውን ክንፍ አስሯል። ከታጨደው የገብስ ማሳ ዳር ቆቆች ሲለቃቅሙ አገኘን። በጎኑ ቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኔን ከእርሱ ላይ አነሣሁ፤ የደብራችን ግድግዳ ታየኝ። ፍላጻው ሲሄድ ሰማሁ። ፊት የነበረችውን አልሞ ኋላ የነበረችውን መታ። የእጁ ብልኀት ነው አልልም፤ ተአምር ነው እንዳልል ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም ያለ ቦታው መጥራት ይሆንብኛል። ሮጥሁ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። በጥርሴ ፈታሁት። ደርሼ ሳይ ፍላጻው ቆቋን ከአፈር ጋር ሰፍቷታል። እንኳን በስመ አብ ለማለት፣ አቤት ለማለትም ጊዜ አላገኘችም።

"ሞታለች" አልሁት።

"ፍላጻውን ስለቅ እኮ በስመ አብ ብያለሁ።"

"ለራስህ ፈርተህ ነው ያልኸው።"

"ማን ይጠይቀናል? ቢላውን እናሳርፍባትና እንሂድ።"

አየሁት። እርሱም አየኝና ቢላውን ሳይጠይቀኝ ቆቋን አንሥቶ ፊት ፊቴ ሄደ።

አያ ፈንቴ ቆቋን ተቀብለው ላባዋን ዳበሷት። ከተኙ ወዲህ እጃቸውን ወደ ምግብ ሲዘረጉ ማየታችን የመጀመሪያው ነበር። እማማ ጥሩነሽ ድስቱን ጥደዋል።

"ነፍሷ ሳትወጣ ታርዳለች?" አሉ አያ ፈንቴ ልጃቸውን።

ተገኘ ጣራውን ያያል። ስለዚህ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ነበር ፊታቸውን ያየሁት፤ ዓይናቸው እንደ ልጃቸው ዓይን ነው።

"ሞታ ነው ያገኘናት፣ አባባ።"

"ስሙን ጠርቼ ነው የለቀቅሁት፣ አባቴ" አለ ተገኘ።

"በምን ላይ ጠራኸው?"

"በፍላጻው ላይ።"

"ፍላጻ ከመቼ ወዲህ ነው ባራኪ የሆነ?" አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ቆቋን ውሻው በላት፤ እርሱ የነፍስ አባት የለውም። እማማ ጥሩነሽ ድስቱን ከእሳት እያወረዱ "ምነው ልጄ፣ ምነው ዝም ብትይ?" አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም።

"እማማ፣ አምነውኝ እኮ ነው የጠየቁኝ።"

ድስቱን መሬት አስቀመጡ። "ሸጋ ነው" አሉ በኋላ። "ሸጋ ነው።" ጭሱ እንደገና ዓይናቸው ገባ።

ያን ቀን ሳስብ ዋልሁ። ጥፋቱ የጠንካራው ክንፍ ነው። ለስላሳው ቢታሰር፣ የፍላጻውም ጫፍ በጥጥ ተጠቅልሎ በቁራጭ ቆዳ ቢሸፈን፣ ቆቋን አደንዝዞ ይጥላታል እንጂ አይገድላትም፤ እኛም ለመባረክ እንደርሳለን። ተገኘም ይህን ጊዜ ክንፉን አልናቀውም፤ ተስማማ። ጥጡን ከእማማ ጥሩነሽ ለመንሁ። አንድ ትልቅ ቁና ፍሬው ወጥቶ የተዳመጠ ጥጥ ነበራቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "እንዲያው ለአንድ ነገር" አሉኝ። የፍላጻዎቹን ራስ እንደ ቁስል ጠቀለልሁ። ተገኘም ለስላሳውን ክንፍ አሰረና ቀስቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ ጧት ለጸሎት ደጅ ወጥቼ ስመለስ ከቤት ውስጥ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እናቴ ቤት ያደግሁበት ነው። ጥጥ ሲነደፍ ነው። ገባሁ። እማማ ጥሩነሽ የአያ ፈንቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው፣ የፈረንጁን ቀስት በገመድ ከጣራው ማገር አንጠልጥለው፣ ክሩን ጥጡ ውስጥ አግብተው በእንጨት ይመቱታል። ጥጡ እንደ ደመና ተነፍቶ ቤቱን ሞልቶታል። ተገኘ ሸሚዙን በእጁ እንደያዘ መሐል ቤት ደርቋል።

"እማዬ፣ ይህ እኮ የአደን ነው።"

"ለአደንማ ትናንት አየነው" አሉ እማማ ጥሩነሽ፣ መምታታቸውን ሳያቋርጡ። "እንዲህ ያለ ሸጋ ደጋን በዕድሜዬ አላየሁም። የእኔማ ተሰብሮ ተቸግሬ ነበር። ፈረንጅ ለካ ጥጥ ያውቃል።"

ይህን ጊዜ አልጋው ተንቋቋ። አያ ፈንቴ ከግድግዳው ዞሩ። ጺማቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ጥጥ አርፎባቸዋል።

"ጥሩዬ፣ ምንድን ነው የምትነድፊው?"

"ጥጥ ነዋ።"

"ጥጡንማ ይኸው እየተነፈስሁት ነው። ለምን ይሆናል?"

"ለጋቢ።"

"ለማን ጋቢ?"

እንጨቱ ቆመ።

"መግነዜ ነው" አሉ አያ ፈንቴ።

እማማ ጥሩነሽ ጥጡን በሁለት እጃቸው ሰበሰቡ። "አንተው አይደለህ ሁሉን ያሰናዳኸው? ጠመንጃውን ሰጠህ፣ በቅሎዋን ሰጠህ፣ መቃብርህን አሳየህ። ምን ላድርግ? ባዶ እጄን ልቀመጥ?"

ተገኘና እኔ መሬት መሬቱን አየን። አያ ፈንቴ ከጺማቸው ላይ ጥጡን አራገፉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ አምጭው።"

እማማ ጥሩነሽ ጥጡን ሊሰጧቸው ነው።

"ጥጡን አይደለም፤ ደጋኑን።"

ተገኘ ቀስቱን ከገመዱ ፈትቶ አቀበላቸው። አያ ፈንቴ ደገፍ ብለው ተቀመጡ። እጀታውን ጨበጡ፣ ብሎኖቹን ዳበሱ፣ ክንፎቹን ከሥር እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ ክሩን ሳቡት። ተሳበ። እንደገና ሳቡት፤ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፣ ክንፎቹ ግን እሺ ብለው ጎበጡ። ከታመሙ ጀምሮ ዱላቸው እምቢ ብሏቸዋል፣ እግራቸው እምቢ ብሏቸዋል፣ የውኃ ቅላቸው እንኳ ከብዷቸዋል። ይህ ግን ታዘዘ።

"ይኸኛው ለስላሳው ክንፍ ነው፣ አባቴ" አለ ተገኘ። "የተሠራውም ለ . . ."

"ለደካማ በል። ምን ታፍራለህ?" ቀስቱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "ልብሴን አምጡልኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነው?" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

"ለመሞትማ እዚሁ ተኝቼ ነበር፤ ማን ከለከለኝ?"

እንግዲህ በሽተኛ በእግሩ አይሄድም። በቅሏቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሆናለች። ተገኘ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሮጦ ለመናቸው። ቄሱም በቅሎዋን ራሳቸው ስበው መጡና፣ አያ ፈንቴ ኮርቻ ላይ ሲወጡ እያዩ "ለእግዚአብሔር የሰጡትን ሊወስዱ ነው?" አሉ እየሳቁ።

"ልዋሰው ነው፣ አባ። እርሱ አይቸግረው።"

ከገብሱ ማሳ ስንደርስ አያ ፈንቴን ከበቅሎዋ አውርደን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ተገኘ ከኋላቸው ተንበርክኮ ጀርባቸውን በደረቱ ደገፈ። ሁለቱ አባትና ልጅ አንድ ሰው መሰሉ፤ አራት ክንድ ያለው፣ ሁሉም ክንዱ የሚንቀጠቀጥ። እኔ ለተገኘና ለራሴ ምሳ ይዣለሁ፣ የገብስ እንጀራና በቅቤ የተሠራ የባቄላ ሽሮ። ጉንዳን እንዳይወጣበት ብዬ አገልግሉን ከመሬት አነሣሁት፤ በቅሎዋ እንዳትረግጠው ብዬ ራቅ አድርጌ ወሰድሁት፤ ነፋስ እንዳይጥለው ብዬ ከማሳው ማዶ ካለች አንዲት የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በማንገቻው ሰቅዬ አጥብቄ አሰርሁት። ከዚያ ቢላዬን ይዤ፣ ነጠላዬን እያራገብሁ፣ ቆቆቹን ላስነሣ በማሳው ጥግ ዞርሁ። ያገሬ ሰው ያን ጊዜ ቢያየኝ ሽማግሌ ጠርቶ አያስመክረኝም ነበር፤ ቀጥታ ለጸበል ይወስደኝ ነበር።

ቆቆቹ ከቁጥቋጦው ሥር ተነሡ። ተነሡ ስላችሁ ተነሡ፣ በአንድ ጊዜ፣ እየተንጫጩ፣ በእኔና በአያ ፈንቴ መካከል። አያ ፈንቴ ሳቡ። ለቀቁ። አንድ ነገር ጧ አለና ወደቀ። እኔም ቢላዬን ከፍ አድርጌ፣ "አልሞተችም፣ አልሞተችም" እያልሁ ሮጥሁ።

ደረስሁና ቆምሁ።

"አገኘኋት?" አሉ አያ ፈንቴ ከማዶ። ከሩቅ አጥርተው አያዩም።

ተገኘ ከኋላቸው ሆኖ በምልክት ይጠይቀኛል። ምን ልበል?

"ልጄ፣ ምንድን ነው የወደቀው?"

"ምሳችን ነው፣ አባባ።"

በቅሎዋ እንኳ ማኘኳን አቆመች።

"ሞተ?"

"አልሞተም። ማንገቻው ተበጥሶ ነው እንጂ ክዳኑም አልተከፈተ።"

አያ ፈንቴ ጎንበስ አሉ። ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ሳሉ መልሶ መጣባቸው ብዬ አገልግሉን አቅፌ በረርሁ። ስደርስ ተገኘም ከኋላቸው ይርገፈገፋል። ሁለቱም እንባቸው ይወርዳል። ሳቅ ነው። አማቴ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም ለካ።

"እንግዲህ መታሁት" አሉ ዓይናቸውን ጠርገው። "ክፈችው።"

"አባባ፣ ሽሮ እኮ ነው።"

"ታድኖ የመጣ እበላለሁ አላልሁም? ቃሌን ልታሳጥፊኝ ነው?"

ከፈትሁት። በእጃቸው አማትበውበት ባረኩት። ተገኘ "ቢላውን ላቀብልህ አባቴ?" ቢላቸው በክርናቸው ጎሰሙት። እጄን በቅል ውኃ ታጥቤ ጠቀለልሁና አጎረስኋቸው። ማኘክ ጀመሩ። አፋቸውን ስናይ እኛም ባዶ አፋችንን አብረን የምናኝክ ይመስለኛል። ቆቆቹ ተመልሰው ከአጠገባችን፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት፣ ይለቃቅማሉ፤ ዞሮ ያያቸው የለም። አያ ፈንቴ ዋጡ።

"ጨው አንሶታል" አሉ።

ወጤን ሰው ሲነቅፍብኝ ዝም ብዬ አላውቅም፤ የማያውቀኝ ባሌን ይጠይቅ። ያን ጊዜ ግን አገልግሉን ወደ እርሳቸው አስጠጋሁት።

"ነገ እጨምራለሁ፣ አባባ።"

"ነገ?" ወደ ቆቆቹ ድምፅ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። "ነገማ በማለዳ ነው የምንወጣ፤ ቆቅ ፀሐይ ሲበረታባት አትገኝም። እንጀራውንም አብዝተሽ ያዥ፤ ይህ ልጅ ርቦት እንዲህ አፍ አፌን እያየ ይህ ብቻ አይበቃንም" አሉና ሁለተኛውን በገዛ እጃቸው ቆረሱ።